ፌስታሌን ይዤ ጠበቃ ጋ የሄድኩ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ደንበኛዬ ብርድ ልብስ ልትገዛ መጥታ ዋጋ ላይ ስንከራከር ቆየንና በመሀል ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አንቺ ስትፋቺ ጠበቃ ይዘሽ ነበር አሉ፣ እውነት ነው?" አለችኝ። አጠያየቋ ጠንቋይ ቤት ሄደሽ ነበር ወይ እንደማለት ነው። አዎ ይዤ ነበር፣ ግን መጀመሪያ ሳልይዝ ነው የገባሁበት፣ የተቃጠልኩትም እዛ ጋ ነው ብዬ ጀመርኩላት። ሻይ አስመጣን፣ ሁለት ሰአት ሙሉ አወራን፣ ብርድ ልብሱን ሳትገዛ ሄደች። ለሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምፅፈው። የማንም ስም አይነሳም፣ የልጆቼ አባትም ይሄን ካነበበ ቅር እንዳይለው፣ ቂም የለኝም (ትንሽ አለኝ)።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ያደግኩት መሀል ሜዳ ነው፣ ደብረ ብርሃን ያመጣኝ ትዳር ነው። 2005 ላይ ተጋባን። እሱ የአይሱዙ ሹፌር ነው፣ ከሸዋሮቢት ሽንኩርትና ማሾ እየጫነ ጣርማበርን ወጥቶ አዲስ አበባ ያራግፋል፣ ስንጋባ የሚነዳው የሰው መኪና ነበር፣ እኔ ደሞ ጋቢና ብርድ ልብስ ተሸክሜ በየቤቱ እየዞርኩ እሸጥ ነበር፣ ቀስ በቀስ ሱቅ ከፈትኩ፣ ቤት ሰራን፣ ከጓሮ ሶስት ሰርቪስ ጨመርን፣ በ2013 የራሳችንን አይሱዙ ገዛን። "ገዛን" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፣ በኋላ ፍርድ ቤት ስትቀርብ "ገዛሁ" ሆና ነው የመጣችው።

በ2014 ህዳር ጦርነቱ ሸዋሮቢት ሲደርስ መኪናው ቆመ፣ ከተማችን በተፈናቃይ ሞላች፣ እሱም ቤት መዋል ጀመረ፣ ቤት የማያውቅ ሰው ቤት ሲውል ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ጥፋቱን ሁሉ በጦርነቱ ላሳብብ አይደለም፣ ከዛም በፊት የተሰነጠቀ ነገር ነበር። ብቻ 2016 ስንደርስ ሁለታችንም ደክሞን ነበር።

ሽማግሌ ተላከ። ሶስት ሽማግሌና የንስሐ አባታችን፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የአጎቱ ቤት እንቀመጣለን፣ ጠላ ይቀዳል፣ ምክር ይሰጣል፣ እኔ አለቅሳለሁ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። አራተኛው እሁድ ላይ እርቁ እንዳልሆነ ሲገባቸው "በሉ እንግዲያው በሰላም ተለያዩ" ተባለና ወረቀት ወጣ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ልጆቹ እናታቸው ጋ ይሆናሉ፣ የቤት እቃው የሷ ነው፣ 80 ሺህ ብር ይሰጣታል፣ ቤቱና መኪናው የሱ ነው። እኔ ከማቅማማቴ ትልቁ ሽማግሌ እጄን ያዝ አድርገው "ልጄ፣ አንቺ ጨዋ ነሽ፣ ጨዋ ሰው በንብረት አይጣላም" አሉኝ። ፈረምኩ። ይቺ ጨዋ የምትባል ቃል ስንት ሴት ከቤቷ እንዳስወጣች አንድዬ ነው የሚያውቀው። ሰውየው ክፉ አይደሉም ኋላ እንዳሰብኩት፣ እሳቸው የመጡት ጠብ ለማብረድ ነው፣ ጠብ እንዲበርድ ደሞ አንዱ ዝም ማለት አለበት፣ ዝም እንድል የታሰብኩት እኔ ነኝ።

እናቴ ጋ ስልክ ደውዬ ጠበቃ ባማክርስ ስላት "ተይ እባክሽ ልጄ፣ ጠበቃ ያዝሽ ማለት ጠብ ያዝሽ ማለት ነው" አለችኝ። ጠበቃና ጠብ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ብላ ነው የምታምነው እማዬ። እኔም አመንኳት።

ስለዚህ ብቻዬን ፍርድ ቤት ሄድኩ፣ በሩ ላይ ካሉት ራፖር ፀሐፊዎች አንዱ ጋ ተቀመጥኩ፣ አራት ጥያቄ ጠየቀኝ፣ 400 ብር ከፈልኩ፣ ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ማመልከቻዬ ተፃፈ። ቤቴ ገብቼ ሳነበው "ሶስት ልጆች ወልደን" ይላል። እኔ ያሉኝ ሁለት ናቸው። የሌላ ሰው ማመልከቻ ላይ ስም ብቻ ቀይሮ ነው የሰጠኝ። ከዛ የባሰው ግን መጨረሻው ላይ ያለው ነው፣ "በሽማግሌ ፊት የተስማማነው ውል ፀድቆ ፍቺው ይወሰንልኝ" ይላል። አስቡት እስቲ፣ ያንን ወረቀት ራሴ ነኝ አፅድቁልኝ ብዬ የለመንኩት፣ ያውም ከፍዬ።

ዳኛዋ ለየብቻችን አነጋገረችን። "ስምምነቱን አንብበሽ ነው የፈረምሽው? ማንም አላስገደደሽም?" አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ አዎ አልኩ፣ ምን ልበል፣ በሩ ላይ ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ደግነቱ የዛኑ ቀን አልወሰነችም፣ ሄዳችሁ አስቡበት ብላ ቀጠሮ ሰጠችን። ሕጉ እንደዛ ነው ለካ፣ ባልና ሚስት እንፋታ ብለው ሲመጡ ፍርድ ቤት እስከ ሶስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ለሌላው ሰው የእርቅ ጊዜ ነው፣ ለኔ የመንቂያ ጊዜ ሆነችልኝ።

ያነቃችኝ ሰርቪስ ቤታችን የተከራየች አስተማሪ ናት። ወረቀቱን አሳየኋትና ካነበበች በኋላ "እትዬ፣ ይሄ እኮ ፍቺ አይደለም ስጦታ ነው" አለችኝ። በማግስቱ አንድ ጠበቃ ጋ ይዛኝ ሄደች።

ቢሮው ከመድኃኒት ቤት በላይ ፎቅ ላይ ነው፣ የጥር ጠዋት፣ የደብረ ብርሃንን ጥር ለምታውቁት አልነግራችሁም፣ ጠበቃው ሱፍ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። እድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ ይመስላል፣ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ያለኝን ወረቀት ሁሉ በአንድ ትልቅ ፌስታል ሞልቼ ነው የወሰድኩት፣ የውሃ ቢል፣ የመብራት ቢል፣ የልጆች ክትባት ካርድ፣ የሲሚንቶ ደረሰኝ፣ የእቁብ ደብተር፣ የባንክ ወረቀት፣ ምኑም ምኑም። ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። እኔ ታሪኬን ልጀምር አፌን ስከፍት "የተጋባችሁበት ቀን መቼ ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ነጭ ወረቀት አናት ላይ በትልቁ ፃፉት። ከዛ እያንዳንዱን ወረቀት አንስተው ቀኑን ያዩታል፣ አናት ላይ ያለውን ያዩታል፣ ወደ አንዱ ክምር ይወረውራሉ። ከጋብቻ በፊት፣ ከጋብቻ በኋላ፣ የልጆች፣ ደሞ አንድ የማይረባ ክምር። ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም አላወራንም። የክትባት ካርዱ የማይረባው ጋ ይሄዳል ስል የልጆች ክምር ላይ አስቀመጡት፣ ልጆቹን ማን ጤና ጣቢያ ሲያመላልስ እንደነበር ይናገራል አሉኝ።

በመሀል ስለ ሸዋሮቢቷ ልጅ አነሳሁ። (አዎ፣ ሸዋሮቢት አንዲት ልጅ ነበረች።) አስር ደቂቃ በትእግስት ሰሙኝና "እህቴ፣ ይሄንን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ለኔ ደረሰኝ ስጪኝ" አሉ። ተናደድኩ። ያ ሁሉ እንባዬ ለዚህ ነው ወይ አልኩ። በኋላ ሲያስረዱኝ ነው የገባኝ፣ ፍቺ ለማግኘት ባሌ ጥፋተኛ ነው ብዬ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፣ ንብረቱም በጥፋት አይደለም የሚከፋፈለው፣ ጥፋቱ የሚነሳው ካሳ እጠይቃለሁ ካልኩ ነው፣ እሱ ደሞ ማስረጃ ይፈልጋል፣ ማስረጃዬ ደሞ ጎረቤት ነገረችኝ ነው።

ዋናውን ነገር የነገሩኝ እንዲህ ነው። በኛ ክልል የሚሰራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ 79/1995፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ደሞ የፌዴራሉ 213/1992። በትዳር ውስጥ የመጣ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ነው የሚገመተው፣ የለም የግሌ ነው የሚለው ሰው ነው ማስረዳት ያለበት። እኔ አስራ አንድ አመት ሙሉ ካርታው በሱ ስም ስለሆነ ቤቱ የሱ ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ ሽማግሌዎቹም እንደዛ ነው የሚያስቡት፣ እናቴም። ለካ ሁላችንም ተሳስተን ነው በስምምነት የፈረምነው። ሽማግሌ ፊት የተፈረመውም ወረቀት ቢሆን ፍርድ ቤት ካላፀደቀው አላለቀም፣ ልጆቹን ወይ አንዱን ወገን የሚጎዳ ሆኖ ካገኘው ፍቺውን ወስኖ ንብረቱን ማስተካከል ይችላል፣ ግን እኮ ዳኛ በግምት አይደለም የሚያውቀው፣ የተጎዳው ሰው በፅሁፍና በማስረጃ መናገር አለበት። እኔ ደሞ የተናገርኩት "አዎ" ብቻ ነበር።

ከዛ ክምር ውስጥ አንድ የባንክ ወረቀት አወጡ። ካርቦኑ ደብዝዞ ቁጥሩ አይታይም ማለት ይቻላል፣ መስኮት ላይ ይዘው ወደ ብርሃን አዘነበሉት፣ መነፅራቸውን ግንባራቸው ላይ አወጡ፣ "180 ሺህ... ጥቅምት 2013... አስገቢ..." ብለው ቀና አሉና አዩኝ። አስገቢዋ እኔ ነኝ። እቁብ የወጣልኝ ጊዜ ለመኪናው ሻጭ አካውንት በእጄ ያስገባሁት ቅድሚያ ክፍያ ነው፣ ከስሩ ፊርማዬ አለ። እኔ ረስቼዋለሁ! ብሩን ሳይሆን ወረቀቱን። በስልካቸው ፎቶ አነሱትና ዛሬውኑ ባንክ ሄደሽ ስቴትመንቱን በማህተም አውጪ አሉኝ። ያን ቀን ነው "ገዛን" የምትለው ቃል ወረቀት ያገኘችው።

አሁን ደሞ የማፍርበትን ልንገራችሁ፣ ጠበቃ ማለት አንቺ የምትፈልጊውን ብቻ የሚነግርሽ ሰው እንዳይመስልሽ። አባቴ ሲሞት መሀል ሜዳ ሁለት ክፍል ቤት ደርሶኛል፣ ኪራዩን በራሴ ስም በተከፈተ አካውንት አጠራቅማለሁ፣ ባሌ አያውቅም። ጋሼ ሲጠይቁኝ 40 ሺህ አለ አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። እሺ 96 ሺህ ነው አልኩ። "ለኔ ከዋሸሽ የሱን ጠበቃ ስራ አቀለልሽለት" አሉኝ። ቤቱ በውርስ የመጣ ስለሆነ የግሌ ነው፣ ማንም አይነካውም፣ ኪራዩ ግን በትዳር ዘመን የተገኘ ገቢ ስለሆነ የጋራ ነው። የግል ንብረት የሚያመጣው ገቢ የጋራ ነው እንዴ? ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ፣ ሌላ ጠበቃ ልፈልግ ብዬም ነበር፣ በመጨረሻ ዝርዝራችን ውስጥ ራሳችን አስገባነው። በኋላ ችሎት ላይ የሱ ወገን "ደብቃ ያስቀመጠችው ገንዘብ አለ" ብሎ ሲነሳ ዳኛዋ ዝርዝሩን ገልጣ "ተመዝግቧል እኮ" አለች። የዛን ቀን ፊቴ እንዴት እንደበራ።

ማመልከቻው እንደገና በወጉ ተፃፈ። የልጆቹ ቁጥር ሁለት ሆነ። ማስረጃ በዝርዝር ተያያዘ፣ ምስክሮች ስማቸው ገባ፣ ምክንያቱም ከክሱ ወይ ከመልሱ ጋ ያላያያዝሽውን ማስረጃ በኋላ አምጥቼ ላስገባ ማለት ቀላል አይደለም። ሁለት ነገር ደሞ ወዲያው ተጠየቀ። አንደኛው ክርክሩ እስኪያልቅ ለልጆች ቀለብና ትምህርት ቤት የሚሆን እንዲቆርጥ፣ ይሄን ፍርድ ቤት ከመነሻው ሊያዝ እንደሚችል ማን ነግሮኝ፣ ከመስከረም እስከ ጥር ብቻዬን ስከፍል ነበር። ሁለተኛው እግድ ነው፣ ቤቱና መኪናው እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ትእዛዝ ወጥቶ ለሚመለከታቸው ቢሮዎች በደብዳቤ ተፃፈ።

እግድ ላይ የምጮኸው ያለምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ ባሏ ቤታቸውን እሷ ሳትፈርም ለዘመዱ ሸጠው። ሰማች፣ አለቀሰች፣ ሽማግሌ ላከች፣ ሽማግሌው ዛሬ ነገ ሲል ሶስት አመት አለፈ። የፌዴራሉ ሕግ እንዲህ አይነቱን ሽያጭ አፍርሱልኝ ለማለት የሰጠው ጊዜ ካወቁበት ቀን 6 ወር፣ ምንም ቢሆን ደሞ ውሉ ከተደረገ ከ2 አመት ያልበለጠ ነው። ጠበቃ ጋ ስትደርስ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ለአንድ ጥያቄ ብቻ፣ ለአንዲት የምክር ሰአት ብቻ ቀድማ ሄዳ ቢሆን እያልኩ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ከዛ የሱ መልስ መጣ። ራሱም ጠበቃ ይዟል። መልሱ ውስጥ አዲስ ነገር አለ፣ 850 ሺህ ብር የጋራ እዳ። ከወንድሙ ለመኪና መግዣ ተበድረን ነው ይላል፣ የብድር ውል ተያይዟል፣ ሶስት ምስክር ፈርሞበታል፣ ቀኑ መጋቢት 2012 ነው። አስር ጊዜ አነበብኩት፣ አስሩንም ጊዜ እያለቀስኩ። እንቅልፍ አጣሁ፣ ቤቱ ተሸጦም እኮ አይከፈልም።

ጋሼ ሁለት ደቂቃ አላነበቡትም። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አቁመው "ይሄ ታርጋ መቼ ነው የወጣው?" አሉኝ። ውሉ ላይ የመኪናው ታርጋ ተፅፏል፣ ባለ "አማ" ታርጋ። መኪናውን እኮ ከአዲስ አበባ ነው የገዛነው፣ የአዲስ አበባ ታርጋ ነበረው፣ ወደ ክልላችን አዛውረን "አማ" የወጣለት በ2013 ነው። በ2012 የተፃፈ ውል በ2013 የሚወጣን ታርጋ ከየት አወቀ? ባህታዊ ነው የፃፈው? ደሞም ሕጉ እንዲህ ያለ ብር ለመበደር የባልና ሚስት ስምምነት ይፈልጋል፣ የኔ ፊርማ የታለ፣ ብሩስ በየትኛው ባንክ አለፈ፣ 850 ሺህ ብር በኪስ ነው የመጣው? እዳው ለቤተሰቡ ጥቅም መዋሉንስ ማን ያስረዳል? እነዚህ ሁሉ በአንድ ገጽ ተፃፉ። በቀጣዩ ቀጠሮ የሱ ጠበቃ ራሳቸው እዳውን ትተነዋል አሉ።

ስለ ሱ ጠበቃ አንድ ነገር ልበል፣ ስራቸውን ሰርተዋል። አንድ ቀጠሮ ላይ መንገድ ተዘግቶ እሱ አዲስ አበባ ቀረ፣ ጠበቃው ቀርበው አስረዱ፣ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ጠበቃ ባይኖረው ተከሳሽ ቀረ ተብሎ በሌለበት ሊታይ ይችል ነበር፣ ያኔ ይበለው ባልኩ፣ ዛሬ ግን የልጆቼ አባት ነውና እንኳን ያዘ እላለሁ።

እና እናቴ ጠብ ያለችው ነገር... አንድ ቀን ከችሎት ወጥቼ ሁለቱን ጠበቆች ካፌ ውስጥ ማኪያቶ እየጠጡ ሲሳሳቁ አየኋቸው። ደሜ ፈላ። ተሸጥኩ አልኩ። ገብቼ ልናገር ስል ጋሼ በእጃቸው ጠርተው አስቀመጡኝና አንድ ናፕኪን ላይ የተፃፈ ነገር አሳዩኝ፣ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ ስንት ሳምንት አባታቸው ጋ ይሆናሉ፣ ጥምቀትና ፋሲካ ማን ጋ ነው፣ በወር ስንት ይቆርጣል። አራት እሁድ ሽማግሌ ፊት ተፋጥጠን ያልተስማማንበት ነገር በአንድ ማኪያቶ አልቋል፣ ምክንያቱም እነሱ አልተናደዱም። የተናደድነው እኔና እሱ ነን። የራሴን ንዴት ለብቻው ቤት አስቀምጬ ጉዳዬን ብቻ የሚይዝልኝ ሰው ነው ለካ የከፈልኩት።

ክፍያውን ለምትጠይቁ፣ እኔ 35 ሺህ በሶስት ጊዜ ከፍያለሁ፣ በፅሁፍ ውል ነው፣ ምን ምን እንደሚጨምር ተፅፎ፣ ይግባኝ ከመጣ ለብቻው ተብሎ (የይግባኙ ጊዜ 60 ቀን ነው፣ ይሄንንም ራፖር ፀሐፊው አልነገረኝም)። የንብረቱን ፐርሰንት የሚጠይቁም አሉ፣ ከመፈረም በፊት መከራከር ነው፣ ብርድ ልብስ ላይ እንደምትከራከሩኝ። ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም፣ ፍርድ ቤት አካባቢ ካፖርት ለብሶ ፋይል ይዞ "ጉዳይሽን እኔ እጨርሳለሁ፣ ዳኛውን አውቀዋለሁ" የሚል ሁሉ ጠበቃ አይደለም፣ ደላላ ነው። አሸንፍልሻለሁ ብሎ የሚምል ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ። ደሞ ጠበቃ ያዝኩ ብላችሁ ቤት እንዳትተኙ፣ የእርቁ ጊዜ ዳኛ የሚፈልገው ባልና ሚስቱን ራሳቸውን ነው።

ብር የሌላችሁ፣ ይሄ ነው ትልቁ ጥያቄ። ዳኝነት (የፍርድ ቤቱን ክፍያ) መክፈል የማይችል ሰው አቅም እንደሌለው አስረድቶ በደሃ ደንብ፣ ማለት ሳይከፍል፣ መክሰስ ይችላል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበርም አለ፣ የወረዳችሁ ፍትሕ ፅህፈት ቤትና ሴቶች ጉዳይ ቢሮም ብትጠይቁ አይከፋም። ገጠር ያላችሁ ደሞ ከሁሉ በፊት የመሬት ደብተራችሁን አውጥታችሁ እዩ፣ የሁለታችሁም ስም አለበት ወይ? የት ነው የተቀመጠው? አማቾቻችሁ ቤት ሳጥን ውስጥ ከሆነ ዛሬውኑ ኮፒ አስደርጉ።

ሽማግሌ አትጥሩ እያልኩ አይደለም፣ እኔም ነገ ልጄ ብትጣላ መጀመሪያ የምልከው ሽማግሌ ነው። ግን ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም። በቁርባን ተጋባችሁ፣ በማዘጋጃ ተጋባችሁ፣ በባህል ተጋባችሁ፣ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። መንዝ ያለች አክስቴ በሽማግሌ ወረቀት ተፋትቻለሁ ብላ ዘጠኝ አመት ኖራ ሰውየው ሲሞት የውርስ ጉዳይ ላይ አሁንም ሚስት ሆና ተገኘች፣ የሱ አዲሷ ሚስት ደሞ መሀል ላይ ተንጠለጠለች፣ ያ ታሪክ ሌላ ቀን።

የኔ በአስራ አራት ወር አለቀ። ኢንጂነር መጥቶ ቤቱን ገመተ፣ መኪናውም ተገመተ፣ የኪራይ ብሬም ተደመረ፣ ቤቱ ለኔ መኪናው ለሱ ሆኖ ድርሻችን እኩል እንዲሆን ማካካሻ 210 ሺህ ብር እኔ ለሱ እንድከፍል ተወሰነ። ሰው አሸነፍሽ ይለኛል። ሰርቪሶቹን ኪራይ ጨምሬ፣ ከማህበራችን ተበድሬ ነው የከፈልኩት፣ እስከዛሬ እየመለስኩ ነው። ብቻ ማታ ማታ የምተኛው ራሴ ሲሚንቶ ያቦካሁበት ቤት ነው። እማዬ ባለፈው ለማርያም መጥታ ፊት ለፊት ምንም ሳትል ስትወጣ በር ላይ "ያ ሰውዬሽ የድንበር ጉዳይም ይይዛሉ?" አለችኝ፣ ከጎረቤቷ ጋ ያላት የማሳ ነገር አለ።

ቀለቡ በወር 4 ሺህ ነው የተወሰነው። ሰባት ወር ከፈለ፣ አሁን ሁለት ወር ዘግቷል፣ ስራ የለም ይላል፣ መኪናው ግን ትናንት በኔ ሱቅ በር ሽንኩርት ጭኖ አለፈ። ታርጋውን፣ ቀኑንና ሰአቱን ፅፌ ፌስታሉ ውስጥ ጨምሬያለሁ። የተወሰነውን ቀለብ በፍርድ ቤት ለማስከፈል የአፈፃፀም መዝገብ ተከፍቷል፣ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰአት ቀጠሮ ነው። ሱቅ ዝግ ነው፣ ብርድ ልብስ የምትፈልጉ ከሰአት በኋላ ኑ።